ርክክብ ያልተደረገባቸው መጻሕፍት

ዛሬ ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ከመስኮቱ ስነሣ ግጥም እሞክራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች ያለው የታሪክ ምሁር ምርምር ሳይሆን፣ በእጁ ቁልፍ ያልነበረው የአንድ መጻሕፍት ጠባቂ ትዝታና ከዚያ ትዝታ የተነሣ ንባብ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቅልኝ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስዞር፣ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር የነበሩ የአባቴ ወዳጅ «ለጊዜው ከቤት ከምትውል» ብለው አንድ ሥራ አገኙልኝ። ሥራው ስም አልነበረውም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ስትወልድ፣ ስትታመም ወይም ለቅሶ ስትሄድ ስልክ ይደወልልኛል፤ እሄዳለሁ፤ በወንበሯ ላይ እቀመጣለሁ። እርሷ ስትመለስ እኔም ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ክፍያው በቀን ሂሳብ ነው። ስሜ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው በስልክ እየተላለፈ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዚህ ዓይነት ጥሪ ሠርቻለሁ። እናቴ ለጎረቤት ስታወራ «ልጄ መምህር ሆኗል» ትል ነበር፤ ተማሪዎቹም «ቲቸር» ይሉኝ ስለነበር፣ ውሸት ነው ለማለት አልደፈርኩም።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ክፍል ነበር። በግራው ግድግዳ ሰባት የብረት ቁም ሣጥኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሰባቱም ተቆልፈዋል። መስታወት ባላቸው በሁለቱ ውስጥ የመጻሕፍቱ ጀርባ ይታያል፤ በአምስቱ ውስጥ ያለውን ግን እግዜርና ባለ ቁልፏ ብቻ ያውቁታል። ስለ ቁልፉ ብጠይቅ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በትዕግሥት አስረዱኝ።

«ቁልፉ ከእትዬ ጋር ነው።»

«ታዲያ ተማሪ መጽሐፍ ቢፈልግስ?»

«አንተ እኮ አልተረከብክም። ያልተረከብከውን እንዴት ታወጣለህ?»

እውነታቸውን ነበር። በመንግሥት ንብረት አያያዝ መጽሐፍ ማለት እንደ ወንበርና እንደ ጠመኔ ካርቶን ያለ ንብረት ነው። ገቢ የሚሆነው በሞዴል 19፣ ወጪ የሚሆነው በሞዴል 22 ነው። ሠራተኛዋ ቦታዋን ስትለቅ ኮሚቴ ተቋቁሞ እያንዳንዱ መጽሐፍ ይቆጠራል፤ አስረካቢና ተረካቢ ፈርመው ይለያያሉ፤ የጎደለ ካለ ከአስረካቢዋ ደመወዝ ይቆረጣል። ለሁለት ሳምንት ለሚመጣ ሰው በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ ቆጥሮ ማስረከብ ሁለቱን ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ መጻሕፍቱ ይቆለፋሉ፣ ክፍሉ ይከፈታል። ተማሪዎች የየራሳቸውን ደብተር ይዘው ይገባሉ፤ አጥንተው ይወጣሉ። እኔ የምጠብቀው ወንበሩንና ጸጥታውን ነበር።

በዚያ ክፍል የምሠራው ነገር ስላልነበረኝ ማሰብ ጀመርኩ። መጽሐፍ ከአንባቢ የሚጠበቅ ንብረት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? መልሱን በኋላ ቀስ በቀስ በማንበብ አገኘሁት፤ ለካስ ነገሩ ሞዴል 19 ከመፈልሰፉ እጅግ ቀድሞ የተጀመረ ኖሯል።

በአገራችን መጽሐፍ የኖረው በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ቃሉን ልብ በሉ፤ ዕቃ ቤት። ከጽናው፣ ከጽዋው፣ ከአልባሳቱና ከዘውዱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማለት ነው። ይህ ግን ንቀት አልነበረም። ብራና በቀላል አይገኝም፤ ትልቅ መጽሐፍ በአሥሮች የሚቆጠር ፍየል ወይም በግ ሌጦ ይፈጃል። ሌጦው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፤ ቀለሙ ከጥላሸት ይቀመማል፤ ጸሐፊው ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ አጎንብሶ ይጽፋል። በዚህ ሁሉ ድካም የተገኘ መጽሐፍ ማኅደር ተሰፍቶለት፣ በማንገቻው ከግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢጠበቅ ማን ይፈርዳል? ጸሐፍቱም በመጨረሻው ቅጠል ላይ ውግዘት ይጽፉ ነበር። መጽሐፉን የሰረቀ፣ የባለቤቱንም ስም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል፤ የገዳሙ ወይም የሰጪው ስም ይከተላል። እኔ ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ በየመጽሐፉ ገጽ 1ና ገጽ 21 ላይ የሚረግጠው የትምህርት ቤቱ ክብ ማኅተም ነው። ሥራቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ፣ ማኅተሙ የሚያስፈራው ከደመወዝ መቆረጥ ብቻ መሆኑ ነው።

ውግዘቱ የማይፈራበት ቀንም መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከየአድባራቱ የሰበሰቧቸውን መጻሕፍት በመቅደላ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አከማችተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈው። ዝርፊያው 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ በዚያም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው፣ ሪቻርድ ሆምስ የሚባል ነበረና ለሙዚየሙ በርትቶ ገዛ። እንዲህ እያለ 350 ያህል የብራና መጽሐፍ ከመቅደላ ወጥቶ ሙዚየሙ ገባ፤ ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ በቁጥር ተደርድሮ ይገኛል። በዚያ ሜዳ አስረካቢ አልፈረመም፤ ተረካቢው ግን፣ ሐቁን ለመናገር፣ አሳምሮ መዝግቧል። ዊልያም ራይት ያዘጋጀው ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1877 ታትሟል፤ መጽሐፎቻችን ምን ምን እንደነበሩ ለማወቅ እስከ ዛሬ እርሱን እንገልጣለን። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያበሳጨኛል፤ ባንክ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ የበለጠ።

ከእነዚያ መጻሕፍት ግን አንዱ ተመልሷል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ወደ ለንደን ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ምክንያታቸውም፣ ያ መጽሐፍ በእጃቸው ከሌለ ሕዝቡ እንደማይታዘዛቸው የሚገልጽ ነበር። እንግሊዞቹ ክብረ ነገሥት ከአንድ በላይ ስለ ነበራቸው አንዱን መለሱ። የተጻፈበትን ዋጋና ክብደት ሳይሆን፣ «ሕዝቤ ያለዚህ አይታዘዘኝም» የሚለውን አስቡት። መጽሐፉን የፈለጉት አንባቢ ስላለው ነበር። በእኔ ግምት በዕቃ ቤት ታሪካችን ውስጥ ይህች ደብዳቤ ለብቻዋ የምትቆም ናት።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ መጽሐፍ ከብራና ወደ ወረቀት ተሻገረ፤ ጠባዩ ግን ብዙ አልተለወጠም። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ። ከዚያ የኢጣሊያ ወረራ መጣና ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ። ነጻነት ሲመለስ በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ፣ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ተከፈተ። የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የትምህርት ቤቱ መደርደሪያም በእንግሊዝኛ ሞላ። ገዝቶ የሞላው ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ስጦታ ነው። እነሆ ከዚህ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ፣ ማን ወዳጃችን እንደነበረ የሚነገርበት ታሪክ ሆነ።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመዝገብ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤት የተጠራሁት ባለ ቤተ መጻሕፍቷ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሦስት ሳምንት ሲወጡ ነበር። ለጡረታ ጥቂት ዓመት የቀራቸው፣ ነጭ ነጠላቸው ከትከሻቸው የማይለይ ሴት ናቸው። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ቀን ጠሩኝና አንድ የቁልፍ እሽግ ዘረጉልኝ።

«አልተረከብኩም እኮ እትዬ፤ ኮሚቴውስ?» አልኳቸው።

«ኮሚቴው ማንበብ አይችልም፤ መቁጠር ብቻ ነው የሚችለው። እንካ። ሰው ይመስላል ብዬ ነው።»

ቁልፉን ተቀበልኩ። መዝገቡም በጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ የጨርቅ ሽፋን ያለው ትልቅ ባሕር መዝገብ ነው። ተራ ቁጥር፣ የደራሲ ስም፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ የተገኘበት፣ ዋጋ፣ ምርመራ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ልቦለድ አነበብኩት።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ባማረ የቁም ጽሕፈት የተሞሉ ናቸው። «የተገኘበት» በሚለው ዓምድ ብሪቲሽ ካውንስል፣ የአሜሪካ ማስታወቂያ አገልግሎት፣ የሰላም ጓድ እየተባለ ይወርዳል። የሰላም ጓዶች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ከማስተማሩ ጎን የትምህርት ቤታቸውን ቤተ መጻሕፍት ያደራጁ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአንድ ዓመት ብሔራዊ አገልግሎት እንዲሰጡ ስለተደረገ፣ በየአውራጃው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጥተው ሄደዋል። መዝገቡ ላይ የእጅ ጽሕፈቱ በየዓመቱ የሚለዋወጠው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ለአንድ ዓመት የሚመጣ፣ ደርድሮ የሚሄድ፣ ከእርሱም በኋላ ሌላ የሚመጣ። በጥሪ የሚሠራ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እኔ የመጀመሪያው እንዳልሆንኩ ሳውቅ፣ እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ጽሕፈታቸውን እንጂ ስማቸውን የማላውቃቸው ባልደረቦች ነበሩኝ።

በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ የለጠፉትም ቁጥር አለ። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1876 አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ ካወጣው አከፋፈል የመጣ ነው። ዲዊ የዓለምን ዕውቀት በአሥር ከፈለው፤ ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 820ን ሰጠ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የት ነው ያልን እንደሆነ፣ 892.87 ላይ ከነጥብ በኋላ ተሸጉጧል። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው፤ እርሱስ ለራሱ የሚበቃ ጎጆ አግኝቷል። ሌላም ችግር ነበር። ፈረንጁ ደራሲን የሚያስገባው በመጨረሻ ስሙ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ የመጨረሻው ስም የአባት ነው። አንዱ ጸሐፊ ሐዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ» ብሎ መዝግቦት፣ ሌላው በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «ሐዲስ» ብሎታል። ከሁለቱ ማን ፈረንጅ፣ ማን ሐበሻ እንደሆነ ፊርማ አያስፈልገውም።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ የመዝገቡ ድምፅ ይለወጣል። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችና መምህሮቻቸው ወደ ገጠር ዘመቱ፤ መዝገቡም ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ግማሽ ገጽ ነጭ። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ሲዘጋ የማስታወቂያ አገልግሎቱም አብሮ ተዘጋ፤ በመዝገቡም ከዚያ ወዲህ ስሙ አይገኝም። በቦታው ሞስኮ ትገባለች። የፕሮግሬስ አሳታሚ በአማርኛ እየተረጎመ ያሳተማቸው የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥራዎች፣ ወረቀታቸው ያማረ፣ ዋጋቸው የረከሰ፣ በአሥርና በሃያ ቅጂ እየሆኑ ተመዝግበዋል። ቀጥሎም ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አለ።

በምርመራ ዓምድ ላይ ደግሞ ሁለት የስረዛ ማዕበሎች አሉ። አንደኛው ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ያለው ሲሆን፣ የንጉሠ ነገሥቱ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በማስመሪያ ተሰርዞ በጎኑ «ተወግዷል» ተብሏል። ሁለተኛው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው፤ በአሥርና በሃያ የገባው ሌኒን በአንድ ረጅም መስመር ተሰርዞ እርሱም «ተወግዷል» ተብሏል። ሁለቱ ማስመሪያዎች የተለያዩ እጆች ይመስላሉ፤ ቃሉ ግን አንድ ነው።

እኔም የተጻፈውን አመንኩ። አንድ ቀን አቧራ ልጠርግ ወንበር ላይ ቆሜ የመጨረሻውን ቁም ሣጥን ላይኛውን መደርደሪያ ስዳስስ፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ነገሮች ከኋላ አገኘሁ። አንዱን ቀስ ብዬ ገለጥኩት። አዲስ ዘመን ነው፣ ቢጫ ሆኗል፤ ውስጡ የጃንሆይ መጽሐፍ አለ። ሌላኛውንም ገለጥኩት፤ ሌኒን ነው። ጎን ለጎን ተኝተዋል። በመዝገብ የሉም፤ በቁም ሣጥን አሉ። እንደነበሩ ጠቅልዬ መለስኳቸውና ከወንበሩ ወረድኩ። ያን ዕለት ለማንም አልተናገርኩም፤ የሆነ ሰው ምስጢር እጄ የገባ መሰለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ፍቅር እስከ መቃብርን ጠየቀችኝ። በዚያ ቤተ መጻሕፍት የቀረው አንድ ቅጂ ነበር። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ተማሪ መታወቂያዋን አስይዛ እዚያው ታነባለች፣ ስትወጣ ትመልሳለች። ልጅቱ በምሳ ሰዓት ሦስት ቀን መጥታ አነበበች። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ የምሳ ሰዓቱ ደግሞ አንድ ሰዓት አይሞላም። በአራተኛው ቀን እንዲህ አለችኝ።

«ቲቸር፣ ቤት ብወስደው በሦስት ቀን እመልሳለሁ። አክስቴ ሬዲዮ ላይ ሲተረክ ሰምታዋለች፤ መጨረሻውን ግን አትነግረኝም። ማታ ወጥ ስሠራ ነው የማነበው።»

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ማለቷ ነበር። ያንን ድምፅ ያልሰማ ሰው በዚያ ዘመን ሰዎች ቤት የለም። እኔም በልጅነቴ ከአባቴ ካሴት ሰምቼዋለሁ። ሰጠኋት። ካርድ አልሞላሁም፤ የማወጣው ያልተረከብኩትን ነውና ምን ብዬ እፈርማለሁ? ስሟንና ክፍሏን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ በመሳቢያው ውስጥ አኖርኩ። ባለ ቤተ መጻሕፍቷ ግን ከታሰበው ሁለት ቀን ቀድመው ተመለሱ፤ የእኔም ሥራ በዚያው ቀን አበቃ። ቁልፉን ሳስረክብ ስለ መጽሐፉ አልነገርኳቸውም። ልጅቱ በነጋታው ትመልሳለች ብዬ ነው፤ ወይም እንደዚያ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከሰባት ወር በኋላ በድጋሚ ተጠራሁ። እትዬ ሻይ አዘዙልኝና ጨዋታ ጀመሩ። በሰኔው ቆጠራ አንድ መጽሐፍ ጎድሎባቸው ኖሯል።

«ሐዲስን አጣሁት ልጄ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ አልጎደለብኝም ነበር። ዓይኔም ተጋርዶ ነበርና ማን እንደወሰደው እንጃ። ከደመወዜ ቆረጡት፤ ይቁረጡት፣ እርሱስ ምን አለበት።»

ሻዩ በእጄ ቀዘቀዘ። ወረቀቷ የት እንደገባች አላወቅሁም፤ ልጅቱም ትምህርት ቤት ለውጣ ሄዳለች። በዚያን ዕለት አፌን ከፍቼ እውነቱን አልተናገርኩም። ዛሬ የቀኑ ሂሳብ በአንድ ብር ቢጎድልብኝ እንኳ ሳላገኝ ከመስኮቴ አልነሣም፤ ባልደረቦቼ ጥንቃቄ ይሉታል።

በዚያ ቅዳሜ ብሔራዊ ቴያትር አካባቢ ካሉት የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ሄድኩ። አንድ ቅጂ አገኘሁ፤ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠገነ ነው። ሰኞ ጠዋት እትዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩትና ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ መጽሐፉን አንሥተው ገጾቹን በአውራ ጣታቸው አርገበገቡና እንዲህ አሉ።

«ይህን እኮ ላስገባው አልችልም። ያለ ሞዴል 19 ንብረት አይገባም። የጠፋውም ተከፍሎበት ተዘግቷል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል እትዬ?»

መልስ አልሰጡኝም። ከመሳቢያቸው አንድ አሮጌ ጋዜጣ አወጡ፤ መጽሐፉን እንደ ዳቦ አስተካክለው ጠቀለሉት። ወንበሩን ወደ መጨረሻው ቁም ሣጥን እንድጎትትላቸው ጠየቁኝ፤ ዓይናቸው ገና አልጠናምና እኔ ወጣሁ።

«ከኋላ ሁለት ነገር ይነካሃል፤ ከእነርሱ ጎን አድርገው» አሉኝ ከታች። «የፊተኛውን የጠቀለሉት ከእኔ በፊት የነበሩት ጋሼ ናቸው፤ ሲያስረክቡኝ ከዝርዝሩ ውጪ በቃል ነገሩኝ። ሁለተኛውን እኔ ነኝ። አቃጥሉ ሲሉን፣ አንድ አንድ ተረፈ።»

ሦስተኛውን አጠገባቸው አስተኛሁት። ወርጄ እጄን ከአቧራው ሳራግፍ፣ እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር።

«ለመሆኑ ያቺ ልጅ ጨርሳዋለች?» አሉኝ።

አላውቅም አልኳቸው።